ስልኩን አቁመን እንጠይቅ
ከትምህርት ቤት ውጭ ለልጆቻችን ማሰብን ስለማስተማር

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

   

የዛሬውን ርዕሳችንን በቅርብ በምናውቀው አንድ ቤት ውስጥ በሆነ ነገር እንጀምር። ቤቱ እዚሁ ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። በቤቱ ደም ግፊት ያለባቸውና ለዓመታት ክኒን ሲወስዱ የኖሩ አያት አሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅም አለቻቸው። ልጅቷ ከክፍሏ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ከመውጣት ወርዳ አታውቅም። አያቷ ማንበብ ስለማይችሉ በስልክ የሚመጣውን መልዕክት ሁሉ የምታነብላቸው እሷ ናት።

አንድ ቀን ከመግሪብ ሰላት በኋላ በቴሌግራም ረጅም መልዕክት መጣ። በአላህ ስም ይጀምራል። ስለ ጥቁር አዝሙድ የተነገረውን ሐዲስ ይጠቅሳል። ቀጥሎ ጥቁር አዝሙድን በማር ለአርባ ቀን የወሰደ ሰው ከዚያ ወዲያ የግፊት ክኒን አያስፈልገውም ይላል። በመጨረሻም ለአሥር ሙስሊም ወንድሞችህና እህቶችህ አስተላልፍ ብሎ ይዘጋል። ልጅቷ አንድም ቦታ ሳትደናቀፍ አነበበችው። አያትየዋም «ማሻአላህ፣ አንደበትሽ ይባረክ» ብለው መረቋት። በማግስቱ ክኒኑ ቀረ፤ ጥቁር አዝሙዱ ተጀመረ።

በሦስተኛው ሳምንት አያት ውዱእ ሊያደርጉ እንደተነሱ ወደቁ። አልሐምዱሊላህ፣ ሕይወታቸው ተርፏል። ግራ እጃቸው ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሐኪሙ «መድኃኒቱን አቁሚ ያለሽ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ቤተሰቡ እርስ በርሱ ተያየ። ማን እንዳለ የሚያውቅ በቤቱ ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም።

ውድ ወላጆች፣ ይህች ልጅ ሰነፍ አይደለችም። ክፉም አይደለችም። አያቷን የምትወድ፣ የምትታዘዝ፣ አንባቢ ልጅ ናት። ታዲያ የጎደላት ምንድን ነው? ይህንኑ ነው ዛሬ የምንነጋገርበት።

ማንበብ አንድ ነገር፣ መመዘን ሌላ ነገር

አሜሪካዊው የትምህርት ሊቅ ቤንጃሚን ብሉም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1956 የትምህርት ግቦችን በደረጃ የሚከፋፍል ሥራ አሳትሞ ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሻሻል ደረጃዎቹ ስድስት ሆነው ተቀመጡ። እነሱም ማስታወስ፣ መረዳት፣ ሥራ ላይ ማዋል፣ መተንተን፣ መመዘንና መፍጠር ናቸው። መምህራን ከፍተኛ የማሰብ ችሎታ የሚሉት በተለይ የመጨረሻዎቹን ሦስቱን ነው።

ነገሩ የመጽሐፍ ወሬ እንዳይመስለን በጥቁር አዝሙዱ መልዕክት እንየው። መልዕክቱ ምን እንዳለ መድገም ማስታወስ ነው። በራስ ቃል ማስረዳት መረዳት ነው። የተባለውን መጠን ለክቶ ማዘጋጀት ሥራ ላይ ማዋል ነው። ልጅቷ እስከዚህ ድረስ ደርሳለች። ከዚህ በላይ ያለውን ግን ማንም አላሳያትም።

መተንተን ማለት መልዕክቱን መበለት ነው፤ የትኛው የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቃል ነው? የትኛውስ የላኪው ጭማሪ ነው? በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ፈውስ እንዳለ የሚናገረው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ትክክለኛ ሐዲስ ነው። «መድኃኒትህን ጣል» የሚል ቃል ግን በውስጡ የለም። እንዲያውም ሕክምናን እንድንፈልግ የሚያዙ ሐዲሶች አሉ። መመዘን ማለት ይህን ሁሉ አይቶ መልዕክቱ የሚታመን ነው ወይስ አይደለም ብሎ መፍረድ ነው። መፍጠር ደግሞ ልጅቷ ራሷ «እማማ፣ ጥቁር አዝሙዱን መውሰድ ከፈለጉ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ክኒኑን ግን አያቁሙ» የሚል የራሷን መልዕክት ማዘጋጀት መቻሏ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያት አለው፤ ሁሉንም በሽምደዳ ላይ አንጥልም። መምህራንንም ብቻ አንወቅስም። ነገር ግን ልጆቻችን የሸመደዱትን መልሰው ከመጻፍ አልፈው የሚያስቡበትን ጊዜ ከትምህርት ቤት ብቻ መጠበቅ እንደማይበቃ እነዚህ ቁጥሮች ይነግሩናል።

ጥያቄ የእኛው ቅርስ ነው

አንዳንዶቻችን ልጅን ጠያቂ ማድረግ ከውጭ የመጣ ልማድ ይመስለናል። ይህ ስህተት ነው። በኢብኑ ዑመር የተዘገበውንና በቡኻሪና በሙስሊም የሚገኘውን ታሪክ እናስታውስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከባልደረቦቻቸው ጋር ተቀምጠው ሳለ፣ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ በሙስሊም የሚመሰል ዛፍ ምን እንደሆነ እንዲነግሯቸው ጠየቁ። ሰዎቹ በበረሃ ያሉ ዛፎችን እያሰቡ ሄዱ። ወጣቱ ኢብኑ ዑመር የተምር ዛፍ መሆኑን በልቡ አውቆታል። ነገር ግን ታላላቆቹ ዝም ሲሉ እሱ መናገር አፈረ። በኋላ ለአባቱ ለዑመር ሲነግራቸው፣ ያን ጊዜ ተናግረኸው ቢሆን ኖሮ ከብዙ ሀብት ይልቅ ደስ ባሰኘኝ ነበር አሉት።

ልብ እንበል! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መልሱን ከመናገራቸው በፊት ጠየቁ። ሰዎቹ እንዲያስቡ ጊዜ ሰጧቸው። ዑመርም ልጃቸውን «ትልቅ ባለበት እንዴት ልትናገር አሰብክ» አላሉትም፤ በመናገሩ በተደሰቱ ነበር። የእኛም አያቶች በምሽት እሳት ዳር «እንቆቅልህ» ሲሉን፣ «ምን አውቅልህ» ብለን ስንመልስ፣ ይህንኑ መንገድ ነበር የሚያስተምሩን።

ሌላም አለ። በሱረቱል ሑጁራት ስድስተኛው አንቀጽ አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ሳናውቅ ሰዎችን እንዳንጎዳና በኋላ እንዳንጸጸት እንድናጣራ ታዘናል። የሐዲስ ሊቃውንትም አንድ ሐዲስ ሲሰሙ በመጀመሪያ የሚጠይቁት ኢስናዱን፣ ማለትም ማን ከማን እንደሰማው ነበር። ያ ሰው እውነተኛ ነው ወይ? ማስታወስ ይችላል ወይ? ሰማሁት ካለው ሰው ጋርስ በእርግጥ ተገናኝቷል ወይ? ስለ ዘጋቢዎች ማንነት ብቻ የሚያጠና ራሱን የቻለ የዕውቀት ዘርፍ አቋቋሙ።

ይህ መንገድ ዛሬም አላረጀም። በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታሪክ ምሁራንን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችንና የዜና አጣሪ ባለሙያዎችን በድምሩ 45 ሰዎች ሰብስበው በኢንተርኔት ላይ የሚገኝ ጽሑፍ እንዲመዝኑ ጠየቋቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ሆነ። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ብዙውን ጊዜ እዚያው ገጹ ላይ ቆይተው በቁመናው ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ቶሎ ትተው ሌሎች ሰዎች ስለ ባለቤቱ ምን እንደሚሉ ፈለጉ። በፍጥነትም በትክክልም በለጡ። የሐዲስ ሊቃውንት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያደርጉት የነበረው ይህንኑ አይደለምን? ቃሉን ከማመናቸው በፊት ስለ ተናጋሪው ሌላውን ይጠይቁ ነበር።

ከፕላዝማው የተማርነው

የክፍለ ከተማችን ስም «ነፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ በአየር ላይ የሚሄድን መልዕክት የሚያስታውስ ነው። ዛሬ ያ ነፋስ ስልክ በእያንዳንዳችን ኪስ ውስጥ ገብቷል። ጥያቄው እንዴት እንጠቀምበት የሚለው ነው።

ዛሬ ወላጅ ከሆንነው መካከል ብዙዎቻችን የፕላዝማ ተማሪዎች ነበርን። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት በቴሌቪዥን ይሰጠን እንደነበር እናስታውሳለን። ሥዕሉ ያማረ፣ ዝግጅቱም ጥሩ ነበር። ግን በእንግሊዝኛ በፍጥነት ይነጉዳል። ጥያቄ ይጠይቅና ገና እስክርቢቷችንን ሳናነሳ መልሱን ይናገራል። መምህራችንም ሊያስቆመው አይችልም። ያልገባው ተማሪ አልገባኝም የሚለው ለማን ነው? ለመስተዋቱ?

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። የሚያምር ምስል በራሱ ማሰብን አያስተምርም። ማሰብ የሚጀመረው ምስሉ ቆሞ ሰው ሰውን ሲጠይቅ ነው። ያኔ መምህራችን ያልነበራቸው ማቆሚያ ዛሬ በእጃችን ነው፤ ስልኩን በአንድ ጣት ማቆም እንችላለን።

ይህንን ጥናትም ይደግፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ሰሳሚ ስትሪት የተባለው የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲጀመር በተደረገው ጥናት፣ ከእናቶቻቸው ጋር አብረው ያዩና ስላዩት የተነጋገሩ ልጆች የበለጠ ተምረው ተገኝተዋል። በአገራችንም አባባ ተስፋዬ ሣህሉ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንስቶ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ዝግጅትም በአማርኛ ለሕፃናት የተሠራ መልካም ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ዝግጅት ልጅ ብቻውን ቢያየው ይደሰትበታል። አጠገቡ ተቀምጠን ብንጠይቀው ግን ያስብበታል።

በቤታችን የምንጠይቃቸው አምስት ጥያቄዎች

ልጆቻችን እንዲለምዷቸው የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች እናቀርባለን። በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ መለጠፍም ይቻላል።

1. ማን ነው ያለው? ስም አለው? በዚህ ጉዳይ ዕውቀት አለው? «ዶክተሮች እንዳረጋገጡት» የሚል ቃል ስም አይደለም።

2. ከየት አመጣው? ራሱ አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? ሐዲስ ከጠቀሰ በየትኛው ኪታብ ይገኛል?

3. ምን ጨመረበት? ምንስ ቀነሰበት? እውነት የተቀላቀለበት ውሸት ከንጹሕ ውሸት ይልቅ ያታልላል። የጥቁር አዝሙዱ መልዕክት ጉዳቱ ከዚህ የመጣ ነው።

4. እኔ ባምነው ማን ይጠቀማል? ይህች ጥያቄ በተለይ ለጎረምሶቻችንና ለሴቶች ልጆቻችን ነፍስ አዳኝ ናት። ደላሎች በቲክቶክና በፌስቡክ የሳዑዲን ኑሮ አሳምረው ያሳያሉ። ባሕሩን ግን አያሳዩም። በሐምሌ ወር መጨረሻ 2017 ዓ.ም. ከ150 የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞችን የጫነች ጀልባ በየመን አብያን ጠረፍ አጠገብ ሰጥማ ብዙዎች አልቀዋል። አላህ ይዘንላቸው። ልጃችን ያንን ቪዲዮ ሲያይ «ይህን የሚያሳየኝ ሰው ከእኔ መሄድ ምን ያገኛል?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ማስተማር የወላጅ አማና ነው።

5. ሌላው ምን ይላል? ገጹን ትቶ ሌላ ቦታ መጠየቅ። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ በኢንተርኔት የሚወራውን የሚያጣሩ አገር በቀል ሥራዎች ናቸው። የጤና ከሆነ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት፣ የዲን ከሆነ የመስጊዳችን ኡስታዝ፣ የገበያ ከሆነ ራሱ ገበያው ይጠየቃል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን በገባበት ሰሞን ምን እንደሆንን እናስታውስ። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ፌጦ መድኃኒቱ ናቸው ተብሎ ሰው ወደ ገበያ ተሯሯጠ፤ ዋጋው ናረ። ከእኛ መካከል ያልገዛ ማን ነው? ያን ጊዜ በየቤቱ አንድ ልጅ እንኳ «ማን ነው ያለው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ብር በኪሳችን በቀረ ነበር።

በሳምንት ውስጥ እንዴት እንሥራው?

ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከመግሪብ እስከ ኢሻ ካለው ጊዜ ከቁርአን በኋላ አሥራ አምስት ደቂቃ ብንመድብ ይበቃል።

አንድ ምሽት አጭር ቪዲዮ አብረን እንይ። መሐል ላይ አቁመን «ቀጥሎ ምን የሚል ይመስላችኋል? ለምን?» እንበል። ከዚያ ስናስቀጥለው ግምታቸው ትክክል ይሁን ስህተት ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል። ሌላ ምሽት በሬዲዮ የሰማነውን ዜና እናንሳ። አንደኛው ልጅ ዜናውን ይደግፍ፣ ሌላኛው ይቃወም፤ በማግስቱ ቦታ ይለዋወጡ። ሐሳብን እንጂ ወንድምን መቃወም እንዳልሆነ ያኔ ይገባቸዋል።

ጁሙዓ ከሰላት ስንመለስ በመንገድ ላይ ስለ ኹጥባው እንጠይቅ። «ኢማሙ ምን አሉ?» ብቻ አንበል። «ዋናው ነጥብ የትኛው ነበር? በምን ማስረጃ አቀረቡት? በቤታችን ምን ብንለውጥ ነው የተገበርነው?» እንበላቸው። ኹጥባውን ሰምቶ ከመርሳት ወደ መተግበር የሚያሻግረው ይህ ነው።

ቅዳሜ ልጁ ከእናቱ ጋር ወደ ሳሪስ ገበያ ሲሄድ የሽንኩርትና የቲማቲም ዋጋ ከሦስት ነጋዴ ይጠይቅ። በሰፈሩ ሱቅ ካለው ጋር ያወዳድር። የታክሲውን ሒሳብ ጨምሮ የትኛው እንደሚያዋጣ ያስላ። ከዚያም እንደ ጋዜጠኛ ሆኖ በስልኩ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ይቅረጽና ለቤተሰቡ ያሰማ። እንግዲህ በዚህች ትንሽ ሥራ ውስጥ መተንተንም፣ መመዘንም፣ መፍጠርም አለ።

ስለ ቻትጂፒቲና መሰሎቹም አንድ ቃል እንበል። ልጆቻችን የቤት ሥራ ማሠራት ጀምረዋል። ይህ መሣሪያ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ ነገር ግን ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ በድፍረት የሚናገርበት ጊዜ አለ። ያልነበረ ሐዲስም ሊጠቅስ ይችላል። ስለዚህ ልጁ በመጀመሪያ ራሱ ይሥራ። ከዚያ መሣሪያውን ይጠይቅና ሁለቱን ያመሳክር። የመሣሪያውን ስህተት ላገኘ ልጅ ማበረታቻ ብናደርግለት ደግሞ የበለጠ ይተጋል።

ወላጆች የሚያነሷቸው ሥጋቶች

«እኛ ራሳችን አልተማርንም» የሚሉን እናቶች አሉ። እህቶቻችን፣ «ማን ነው ያለው?» ብሎ ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም። መልሱን አለማወቅም አያሳፍርም። ኢማሙ ማሊክ በዚያ ሁሉ ዕውቀታቸው ለብዙ ጥያቄዎች «አላውቅም» ብለው ይመልሱ እንደነበር የታወቀ ነው። «አላውቅም፣ አብረን እንፈልግ» ብለን ከልጃችን ጋር ፍለጋ ብንወጣ ትልቅ ትምህርት ይሆነዋል።

«የኢንተርኔት ካርድ ውድ ነው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው። ስለዚህ አንድ ቪዲዮ አውርዶ ሳምንቱን መነጋገር ይቻላል። ሬዲዮ ደግሞ በነጻ ነው። ጥያቄ የሞባይል ካርድ አያስጨርስም።

«ልጅ ጠያቂ ከሆነ ባለጌ ይሆናል» የሚለው ሥጋት ግን ከሁሉ ይከብዳል። አደብ የሌለው ጥያቄ እንዳለ አንክድም። ስለዚህ ከጥያቄው ጋር አጠያየቁን እናስተምር። «ውሸት ነው» ከማለት ይልቅ «እማማ፣ ይህን ከማን ሰሙት?» ማለትን ያስለምዱት። ጂብሪል (ዐ.ሰ) በሰው መልክ መጥቶ ስለ ኢስላም፣ ስለ ኢማንና ስለ ኢሕሳን ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቅ ጉልበቱን ከጉልበታቸው አስጠግቶ፣ በአደብ ተቀምጦ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላም፣ የመጣው ሃይማኖታችሁን ሊያስተምራችሁ ነው አሉ። አስተውሉ፤ የመጣው ሲጠይቅ ነበር፤ የተባለው ግን አስተማሪ ነው።

በመጨረሻም ወደ ጀሞዋ ልጅ እንመለስ። አያቷ ከወደቁ በኋላ ብዙ ጊዜ አለቀሰች፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት አለች። ጥፋቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። አንብቢ እንጂ ጠይቂ ያላት ሰው አልነበረም። ዛሬም መልዕክት ታነባለች። አያት ክኒናቸውን ውጠው፣ በደህና እጃቸው መቁጠሪያቸውን ይዘው ያዳምጣሉ። ስታበቃ ግን ወዲያው አይመርቋትም። «ማን ነው ያለው ልጄ?» ይሏታል። ልጅቷም ትፈልጋለች። አንዳንዴ ታገኛለች። ስታጣ «ያለው ሰው አይታወቅም እማማ» ትላለች፤ መልዕክቱም ለማንም ሳይተላለፍ እዚያው ይቀራል።

ዛሬ ማታ በየቤታችን ይህችን አንዲት ጥያቄ እንጀምር። አላህ ልጆቻችንን እውነትን ከሐሰት የሚለዩ፣ ለወላጆቻቸውና ለአገራቸው የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን።